በጨረታ የወጣ የ1994 ሀይሉክስ ናፍጣ፦ ሞተሩ ይውረድ ወይስ ይሞከር?

የመቂ ገበሬ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ የ1994 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቶዮታ ሀይሉክስ ደብል ጋቢና አሸንፌ ወስጃለሁ። ሞተሩ 3ኤል ነው፤ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው። ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ለዓመታት ቆሞ የቀረ ነው። አራቱም ጎማ ተኝቷል። ባትሪ የለውም። ኮፈኑን ስከፍት አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች፣ የተወሰነ ሽቦም በልታለች። ቆጣሪው 340 ሺህ ላይ ይላል፤ እሱም ይሥራ አይሥራ እግዜር ይወቅ።

ጥሩውንም ልንገራችሁ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እያንኳኳሁ አይቼዋለሁ፣ የበሰበሰ ቦታ የለውም። የኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበትም ጤነኛ ነው። ማግኔት ይዤ ቦዲውን ዞሬዋለሁ፣ ስቱኮ የተለጠፈበት ቦታ አላገኘሁም።

ችግሩ ምክሩ ነው። ያየው መካኒክ ሳያስነሳው «ይሄ ይወረዳል፣ ቶርኖ ቤት ይገባል፣ ፒስተንና ፋሻ ይቀየራል» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ መኪናውን ከገዛሁበት ከግማሽ በላይ ነው። ሌላው ደግሞ «በገመድ ጎትተን በማርሽ እናስነሳዋለን» ይላል። እኔ ከመቂ አዳማ ሽንኩርትና ቲማቲም የምጭንበት መኪና ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር?

ኩሽኔታ

እንኳን ደስ ያለህ። የፊት ዲፈረንሻሉ ሙሉ አክስል፣ የፊቱም ባሌስትራ ከሆነ ኤልኤን 106 የሚባለው ሞዴል ነው። ለገጠር መንገድ ከሱ የተሻለ ፒካፕ አላውቅም። ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተርና ሴንሰር የለውም። ከተነሳ በኋላ ሞተሩ እንዲሄድ ከመብራት የሚፈልገው ናፍጣውን የሚከፍተው አንድ ሶሌኖይድ (የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ብቻ ነው። እንዳትሸጠው።

የፖምፓ ሰው

ልጄ፣ ሁለቱንም አትስማ። ሳይለካ «ይውረድ» የሚል ሰው ሞተሩን አላየውም። «እንጎትተው» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የቆመ ናፍጣ ሞተር በመቆሙ ብቻ አይሞትም። የሚሞተው ተቸኩሎ በሚነሳበት ቀን ነው። ይሄን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ ፖምፓ፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ፓምፕ፣ ስፈታና ስገጥም ኖሬ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ በሥራ ብዛት ያለቁ አይደሉም፤ ቆሻሻ ናፍጣ ያጠጧቸው ናቸው።

ምክንያቱን ልንገርህ። የዚህ ሞተር ፖምፓ ውስጡን የሚያለሰልሰው የሞተር ዘይት አይደለም፣ የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ውሃና ዝገት ያለበት ናፍጣ ከላክህለት ብረቱ እርስ በርሱ ይፋቃል። ስለዚህ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት የናፍጣ ታንኩን አውርድ። ውስጡ ያለውን በሙሉ ድፋ። እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ። ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለውን የጎማ ቱቦም ቀይር፤ ከውስጥ ተሰነጣጥቆ ከውጭ ጤነኛ ይመስላል።

ቀጥሎ አራቱንም ካንዴላ (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያግሉትን) ፍታ። በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ አድርግ። አታብዛ፤ ዘይቱ መሄጃ ካጣ ፒስተኑ ሲወጣ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) ያጣምማል። አሳድረው። በማግስቱ ክራንኩ ፑሊ ላይ ባለው ብሎን በእጅህ አዙረው። ሁለት ዙር ሳይግተረተር ከሄደልህ ሞተሩ አልተያዘም። ከተያዘ አታስገድደው፤ ዘይት ጨምርለትና ጠብቅ።

የታይሚንግ ቺንጋውን ሳትቀይር ቁልፍ እንዳታዞር። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነው፣ ያንተ መቼ እንደተቀየረ የሚነግርህ ሰው የለም። ጎማ ስለሆነ ቆሞም ያረጃል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያኔ መካኒኩ ያለው ነገር እውነት ይሆናል።

ከዚያ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ለውጥ፤ 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ይበቃዋል። የፖምፓውን ሶሌኖይድ ሽቦ ነቅለህ በሞተሪኖ ብቻ አዙረው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ካንዴላው እንደወጣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) አስለካ። ለቤንዚን የተሠራው መለኪያ አይችለውም፣ የናፍጣ ያለውን ሰው ፈልግ። ጤነኛ 3ኤል 30 ባር አካባቢ ያሳያል። ወደ 20 ባር ገደማ ከወረደ፣ ወይም አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ5 ባር በላይ ካነሰ፣ ያኔ ስለ ቶርኖ ቤት እናወራለን።

ሁለት ነገር ደግሞ ለደኅንነትህ። መጀመሪያ ስታስነሳው አንድ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ አየር ማስገቢያው ጋ ይቁም። ፖምፓው ውስጥ የደረቀ ነገር ተይዞ ሞተሩ ሳይገታ እየጮኸ ሊሽከረከር ይችላል፣ ቁልፍ ብታጠፋም ላይቆም ይችላል። አየሩን በጣውላው ድፈነው፣ ይጠፋል። በእጅና በጨርቅ አይሞከርም፣ ይስበዋል። ሁለተኛ፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ ማቃጠል ወይም ማስነሻ ስፕሬይ መንፋት የለም። ካንዴላ የጋለበት ሞተር ውስጥ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል።

ገላን 07

አሁን ማን ናፍጣ ይገዛል? ማደያ ተሰልፎ ማደር ነው። ያንን ብር ኤሌክትሪክ መኪና ላይ አውለው።

የመቂ ገበሬ

@ገላን 07 ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ብኖር እኔም እሱን አስብ ነበር። እርሻው ጋ የሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ መብራቱም ይመጣል ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የአሮጌውም ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ይሄን ባገኘሁት ዋጋ ሌላ የሚጭን ነገር አላገኝም።

@የፖምፓ ሰው ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ከታንኩ እጀምራለሁ።

ባለ ሊብሬ

ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት ወረቀቱን ጨርስ። ሰው ሞተር ላይ ብሩን ይጨርስና በኋላ ስሙ አልዞር ብሎት ያለቅሳል።

የጨረታ መኪና ከሆነ አሸናፊነትህን የሚገልጸው ደብዳቤ፣ የከፈልክበት ደረሰኝና ሊብሬው እጅህ ይግባ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ሳይመዘገብ የቀረ የመሥሪያ ቤት መኪና ብዙ አለ። የእርዳታ ወይም የፕሮጀክት መኪና ከነበረ ደግሞ ቀረጡ ተከፍሏል ወይ ብለህ ጠይቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግል ስም አይዞርም።

ይሄን ለሌሎቻችሁም ነው የምለው፦ ከግለሰብ ስትገዙ በውክልና ብቻ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። ደላላው «ውክልና ይበቃል፣ ስሙን በኋላ ታዞሩታላችሁ» ይላል። ወካዩ ከሞተ ውክልናው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳያችሁ ከወራሾች ጋር ነው። ሽያጩን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙ።

የመቂ ገበሬ

ወረቀቱ ተስተካክሏል። @ባለ ሊብሬ ተባረክ፣ የሞተር ቁጥሩ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ስለነበር ደብዳቤ አጽፌ አስተካክዬዋለሁ።

ታንኩን አወረድኩት። ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ስፈታው መጀመሪያ የወጣው ናፍጣ አልነበረም። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ነው። ከዚያ እንደ ንፍጥ የሚለጠጥ ጥቁር ነገር ተከተለ፣ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለ። ሽታው የናፍጣ ሽታ አይደለም፣ የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ናፍጣው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ጠቁሯል። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት በዚሁ ነገር ተደፍናለች። በገመድ ጎትተን ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ የት ይገባ እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል።

ጥያቄ አለኝ። ታንኩ ጥግ ላይ ትንሽ የተበሳ ነገር አየሁ። ላበይደው?

ኩሽኔታ

በፍጹም እንዳለ ለበያጅ እንዳትሰጠው! ባዶ ታንክ ከሞላው ይብሳል። ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። ደጋግሞ በፍል ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ አየር ገብቶበት፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ። ካልሆነ ሌላ ታንክ ፈልግ። አዲስ አበባ ከመጣህ ሶማሌ ተራ ጠይቅ፤ እዚያ ለሀይሉክስ ያልተገኘ ነገር የትም አይገኝም።

የፖምፓ ሰው

ያየኸው ጥቁር ንፍጥ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት ላይ የሚያድግ ተሕዋስ ነው። ውሃ ከሌለ አይኖርም። ከእንግዲህ መኪናው የሚቆም ከሆነ ታንኩን ሞልተህ አቁመው፤ ባዶው ቦታ ሌሊት ያልበዋል፣ ውሃው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት አለ፣ ከታች የምትዞር ፕላስቲክ ብሎን አለችው። በየጊዜው ከፍተህ ውሃውን አፍስስ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ መብራት አለች፣ አምፖሏ ግን ተቃጥላ ሊሆን ስለሚችል አትታመንባት።

አዲስ ፊልትሮ ከገባ በኋላ አየር ታስወጣለህ። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ በመዳፍህ ተጫናት። መጀመሪያ ባዶ ናት፣ ልፍስፍስ ትላለች። ናፍጣው ሲደርስ እየጠነከረች መጥታ እጅህን ትገፋለች። ያኔ ፖምፓው ተሞልቷል። ቀጥሎ ወደ ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት) የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ኖዝሉ ጋ ነት በነት ትንሽ ፈታ አድርግና በሞተሪኖ አዙር። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ አጥብቅ። ዓይንህንና እጅህን አርቅ፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ከዚያ በኋላ በየትም ተገኘ ብለህ የጀሪካን ናፍጣ አትቅዳ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ይሸጣል። ነጭ ጋዝ ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓውን ያደርቀዋል። ማደያ መሰለፍ ያታክታል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ተሰለፍ።

ሻርጃ ነኝ

ወገኖች፣ እኔ እዚህ ሻርጃ የመለዋወጫ ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ካንዴላ አንድ ነገር ልበል። በዚህ መኪና ዘመን የተሠሩ የቶዮታ ናፍጣዎች ካንዴላ ሁሉ 12 ቮልት አይደለም። ቁመቱና ጥርሱ ተመሳሳይ ሆኖ ቮልቱ ዝቅ ያለ አለ። ዝቅተኛውን በ12 ቮልት ላይ ብትገጥመው ይቃጠላል፤ ጫፉ ቀልጦ ሲሊንደር ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። አሮጌው ላይ የተጻፈውን አንብብና ያንኑ ግዛ። አራቱንም አብረህ ቀይር። ስታወጣቸው ደግሞ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተህ አሳድራቸው፤ ከተሰበሩ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ነው።

የመቂ ገበሬ

ተነሳ!!!

ኮምፕሬሽኑ ሦስቱ ሲሊንደር 27 እና 28 ባር፣ አራተኛው 25 አሳየ። ቺንጋው ከነቴንሽነሩ ተቀይሯል። አሮጌው ስናጥፈው ተሰነጠቀ። ታንክ ሌላ ገዛሁ። አየሩን እንዳሉኝ አስወጣን፤ የእጅ ፓምፗ ስትጠነክር ራሴ በመዳፌ ሰማኋት። ታናሽ ወንድሜ ጣውላ ይዞ ቆሞ ነበር፣ አላስፈለገም። መጀመሪያ በሁለት ሲሊንደር ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሦስተኛው ገባ፣ ከዚያ ሁሉም። ግቢው በነጭ ጭስ ተሸፈነ። ሲሞቅ ጭሱ ጠፋ። ይሄን ሞተር ቶርኖ ቤት ልናስገባው ነበር!

አሁን ሁለት ነገር አለ። ዳገት ላይ ስረግጠው ጥቁር ጭስ ያወጣል። ሌላው፣ ባዶውን ስነዳው የሙቀት መለኪያው ከሥር አይነሳም፣ ጭኜ ስወጣ ግን ወደ ቀዩ ይጠጋል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ዝገት ያለበት ውሃ ነው።

የደብረ ብርሃን ሾፌር

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ጥቁር ጭሱን እኔ ልመልስልህ፣ በየቀኑ አብሬው ነው የምውለው።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው። መጀመሪያ አየር ፊልትሮህን አውጣና ወደ ፀሐይ አድርገህ እየው፤ ብርሃን ካላሳለፈ እሱ ነው። ከዚያ ኖዝሎቹን አስለካ፣ ከ100 ባር ትንሽ ከፍ ብለው መርጨት አለባቸው፤ የሚንጠባጠብ ኖዝል ያጨሳል። ከፍታም አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ፖምፓው ግን ያንኑ ያህል ናፍጣ ይልካል። እኔ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው የምኖረው፣ እዚህ ጤነኛውም ትንሽ ያጨሳል። አንተ አዳማና መቂ ላይ ስለሆንክ ያን ያህል መሆን የለበትም። መካኒክ መጥቶ የፖምፓውን ብሎን ነክቼ ናፍጣውን ልቀንስልህ ቢልህ ኖዝሉ ሳይለካ እሺ አትበለው።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ሞቆም ነጭ ሆኖ ከቀጠለና ውሃ እየጎደለ ከሄደ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ተጠራጠር።

ካሚዮን

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው። ቆላ ላይ አያስፈልግም። ሁላችንም አውጥተን ነው የምንነዳው።

የፖምፓ ሰው

@ካሚዮን ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴን ስማኝ።

በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ አንድ በር ብቻ አይደለም ያለው። ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተር ይለቅቃል፣ ከሥሩ ባለው ሁለተኛ ክዳን ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ጭነህ ዳገት ስትወጣ ከፊሉ የፈላ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ባዶውን ሲሄድ ይበርደዋል፣ ሲጫን ይፈላል። ልጁ የነገረን ምልክት በትክክል ይሄ ነው። የቴርሞስታቱን ቤት ይክፈተውና ይይ፤ ባዶ ሳይሆን አይቀርም።

የሚበርደው ሞተርም ጤነኛ አይደለም። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ያልተቃጠለው ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ሲሊንደሩ ይበላል።

ስለ ውሃው፦ የቧንቧ ውሃ ብቻውን ከውስጥ ያዝገዋል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ራዲያተሩን ራዲያተር ቤት ወስደህ አስከፍተህ አስጠርግ። ሞተሩን ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ እጠበው። ከዚያ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ። ስትጨርስ ጠዋት ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳውና ውሃውን ተመልከት። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ነው። ዝም ካለ አርፈህ ጫን።

የመቂ ገበሬ

ጋሼ፣ ከፈትኩት። ባዶ ነው! ውስጡ የተጣለ ሲሊኮን ብቻ ነው ያገኘሁት። አዲስ ገጠምኩ፣ ራዲያተሩም ተጠርጓል። ሞጆ ድረስ ጭኜ ሞከርኩት፣ መለኪያው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። አረፋም የለም።

ካሚዮን

ስለ ሁለተኛው ክዳን አላውቅም ነበር። የእኔንም ነገ እገጥማለሁ። እናመሰግናለን ጋሼ።

ኩሽኔታ

የቀረውን ብር ምን ላይ ታውለዋለህ? እንደ እኔ ፍሬን ይቅደም። ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ሲሊንደሮቹ ይዝጋሉ፣ ዘይቱም ውሃ ጠጥቷል። አራቱንም ከፍተህ ውስጣቸው ያሉትን ጎሚኒዎች (የማሸጊያ ጎማዎች) ቀይር። ከዚያ ጎማ። ጥርሱን አትይ፣ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አኃዝ እይ። 2315 ካለ በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ላይ ሽንኩርት ጭነህ አትውጣ። ከዚያ ቴስቲና (የመሪው መገጣጠሚያ) እና ቦኮላ (የባሌስትራው ቡሽ)። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ቀለም አይጠይቅህም።

የመቂ ገበሬ

ተስማምቻለሁ፣ ቀለሙ ለሚቀጥለው ዓመት። የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ፦ ፖምፓው አካባቢ ናፍጣ ይረጥባል። ከላይኛው ክዳን ይመስለኛል። ሥር ግን ጠብ ይላል።

የፖምፓ ሰው

ለዓመታት ደርቆ ድንገት ናፍጣ ሲያገኝ ጎሚኒው ማልቀሱ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ፖምፓውን ሙሉ በሙሉ አጥበህ አድርቀው፣ አስነስተህ በባትሪ መብራት ተመልከት። ከላይኛው ክዳን ወይም የነዳጅ መርገጫው ከሚያዞረው ዘንግ ከሆነ የማሸጊያ ጎሚኒዎቹ በኪት ይሸጣሉ። አያስቸኩልም፣ ግን አታቆየው፤ ናፍጣ በሚወጣበት አየር ይገባል፣ ጠዋት አልነሳ ይልሃል።

ከፊት በኩል፣ ቺንጋው ካለበት ወገን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የፖምፓው ዋና ዘንግ ማሸጊያ ነው፣ ናፍጣውም ወደ ቺንጋው ሽፋን ውስጥ ይወርዳል። ናፍጣ የጠጣ ቺንጋ ይለሰልስና ጥርሱን ይጥላል። የቺንጋውን ሽፋን ፈትተህ ከሥሩ በጣትህ ዳብስ። እርጥብ ከሆነ ፖምፓውን አውርደህ ላክልኝ። ቺንጋውንም አዲስ ነው ብለህ አትሳሳለት፣ እንደገና ቀይረው። እስከዚያ አትጫንበት።